ለቅሶ እንዳያመልጥዎ

ሳጥኗን የሠራኋት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላላክክ ብል እንኳ የማላክክበት ሰው የለኝም። አንድ ሰው ድረ ገጼን ከፍቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ብቅ ትልና የሚያነበውን ትጋርድበታለች። ከላይ በደማቁ «ለቅሶ እንዳያመልጥዎ» ይላል። ከሥሩ የኢሜይል አድራሻ መጻፊያ፣ ቀጥሎ የትውልድ አካባቢ መምረጫ፣ ከዚያ ሁለት አዝራሮች። አረንጓዴው «እሺ፣ ይድረሰኝ» ይላል። ግራጫው ደግሞ «ይቅርብኝ፣ ለቅሶ ባልደርስም ግድ የለኝም» ይላል። ዛሬ ሳጥኗም የለችም፣ የሰበሰበችው የአድራሻ ዝርዝርም የለም። ያኔ ግን በዚያች ሳጥን የምኮራውን ያህል በምንም አልኮራም ነበር።

ምዕራብ ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ያንን ግራጫ አዝራር አይጫንም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እኛ ዘንድ ሰላምታው ይቀዘቅዝበታል። የራሱ ሰው ሲሞትበት ድንኳኑ ባዶ ይሆናል፤ ሠርግ ቢደግስ እንኳ ያቺ ያልደረሳት ለቅሶ ትነሣበታለች። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የጻፍሁት። ማወቄ ነበር ብልጠቴ። ጽፌ ስጨርስ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሱቄ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ናት። ደብዳቤና ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ፎቶ አሳድጋለሁ። ድረ ገጹን የጀመርሁት ሥራ ሲቀዘቅዝ እንዳይሰለቸኝ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የበቆሎና የበርበሬ ዋጋ ነበር የማወጣው፤ የፍኖተ ሰላምን እዚሁ ጠይቄ፣ የቡሬን በስልክ አስጠይቄ። ሰው ይመጣል፣ ዋጋውን ያያል፣ ይሄዳል። ማን እንደመጣ፣ ነገ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። በኋላ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርሁ። የሁሉም ምክር አንድ ነበር፤ ጎብኚው ሳይወጣ አድራሻውን ተቀበል፣ አድራሻውን እንዲሰጥህ ደግሞ እሱ የሚፈልገውን ነገር ስጠው።

የሚፈልገው ምንድን ነው? የሳምንቱን የእህል ዋጋ በኢሜይል እልካለሁ ብዬ ሞከርሁ። በሁለት ወር አራት ሰው ተመዘገበ። ከአራቱ ሁለቱ እኔው ነበርሁ፣ አንዱ ወንድሜ፤ አራተኛውን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ከዚያ አንድ ቀን ለለቅሶ ድንኳን ያሳደግሁትን የአንድ አዛውንት ፎቶ፣ ቤተሰቡን አስፈቅጄ፣ ሰልስቱ መቼ እንደሚውል ከሥሩ ጽፌ ገጹ ላይ አወጣሁት። በዚያ ቀን የመጣው ጎብኚ በዓመት አይቼ የማላውቀው ነበር። አዲስ አበባ ያለው፣ ባሕር ዳር ያለው፣ ዐረብ አገር ያለው ሁሉ መጣ። መንገዱ እንደ ድሮው ስላልሆነ ብዙ ሰው ካገሩ ከራቀ ቆይቷል። የእድሩ ጡሩምባ አይሰማው፣ ጎረቤት አይነግረው። አገር ቤት ማን እንደሞተ ሳያውቅ ቀርቶ በኋላ መወቀሱን ይፈራል። እኔም ፍርሃቱን አየሁና ሳጥን ሠራሁበት።

ዝርዝሩ አደገ። በየጧቱ ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ትናንት ማታ ሦስት ሰው፣ ዛሬ አምስት። አድራሻቸውንና የትውልድ አካባቢያቸውን እያየሁ ይኼ የመራዊ ነው፣ ይቺ የፈረስ ቤት ናት እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከአንድ አካባቢ የሐዘን ዜና ሲወጣ ለዚያ አካባቢ ተወላጆች ኢሜይል በራሱ ይሄዳል። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የሟቹን ስም አልጽፍም። ይህንንም ከምክሩ ነበር የተማርሁት፤ ሁሉን በርዕሱ ከነገርኸው አይከፍተውም ይላል። ስለዚህ «ከቡሬ ዙሪያ የተሰማ ሐዘን፤ ማን እንደሆኑ ለማየት እዚህ ይጫኑ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰውም የሞተብኝ የራሴ ሰው ይሆን እያለ ይጫናል። ይህን ያኔ አላሰብሁትም። እኔ የማየው የተጫነውን ቁጥር ብቻ ነበር።

አሁን ስለ እሷ ልናገር። የአንድ መንደር ልጆች ነን፤ ከቡሬ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ገጠር። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ቡሬ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር፣ ክፍል ተከራይተን ነበር። አባቷ በየሳምንቱ ስንቅ በአህያ ጭነው ይመጡ ነበር። የኔ አባት ቀድሞ ስለሞተ ስንቄ አንዳንድ ሳምንት ይጎድላል። ያንን አይተው ይመስለኛል፣ ከአንድ ሳምንት ጀምሮ ሁለት ስልቻ ማምጣት ጀመሩ። አንዱን ለእሷ ይሰጣሉ፣ ሌላውን ምንም ሳይሉ የእኔ ክፍል በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። በሶና ድርቆሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የበላሁት ያንን ነው።

እሷ ተምራ አዲስ አበባ በአንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆነች። ፋሲካን ከአባቷ ጋር ልትውል ስትመጣ ፍኖተ ሰላም ወርዳ፣ የቡሬ መኪና እስኪሞላ ሱቄ ገብታ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ያኔ ሱቄ የገባ ሰው ሳይመዘገብ አይወጣም።

«ተመዝገቢ እንጂ» አልኋት።

«እኔ የሞት ወሬ በስልክ አልወድም» አለች። «በኛ አገር ሞት በሰው ነው የሚመጣ።»

«አንቺ ደግሞ! ላብራቶሪ ውስጥ እየዋልሽ እንደ ባላገር ታወሪያለሽ። ባለፈው የጎረቤታችሁ እናት ሲሞቱ ሳትሰሚ ቀርተሽ ስንት ወቀሳ ሰማሽ?»

«እሱስ እውነት ነው» ብላ ሳቀች። አድራሻዋን ነገረችኝ፤ ጻፍሁት። ትውልድ አካባቢ፣ ቡሬ ዙሪያ። ወዲያው ስልኳ ላይ «ምዝገባዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ገባ። ልታየው አልፈለገችም፤ መኪናው እንዳይሄድባት መናኸሪያውን በዓይኗ ትጠብቃለች። ስልኩን ከእጇ ወስጄ እኔው ተጫንሁላት። ፈቀድሁ የሚለውን የተጫነው የእኔ ጣት ነው።

በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአባቷ ታናሽ ወንድም ሱቄ መጡ። አቧራ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ የመታወቂያ ፎቶ አወጡ። ሳይነግሩኝ ገባኝ። ሁለት ስልቻ ያመጡልኝ ሰው ሌሊቱን ዐርፈዋል።

«አሳድግልኝ» አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው ማንም እንደሌለ አዩ። «ልጂቱ አልሰማችም። ዛሬ ብትሰማም ለቀብሩ አትደርስ፣ መንገዱን ታውቀው የለም? ነገ ጎሕ ሳይቀድ አዲስ አበባ ያሉ ያገር ሰዎች ሽማግሌ ይዘው ቤቷ ይሄዳሉ። ጎረቤቶቿም ተነግሯቸዋል። ነገ ነው የምትረዳ። እስከዚያ ካንተ አፍ አንዲት ቃል እንዳትወጣ።»

«ኧረ ምን ሆኜ!» አልሁ። «እኔ ልንገራት?»

መርዶ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ የሚይዘውና አብሮት የሚያለቅስ ሰው በቤቱ ዙሪያ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አንደበት ያለው ሽማግሌ ያረዳዋል። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ዘመድ ሁሉ ለቀናት ሐዘኑን ውጦ ይስቃል። ይህን ያላየ ያገሬ ሰው የለም። የእኔን አባት ሞት ራሱ እንዲያ ነው የሰማሁት፤ ስምንት ሰው ይዞኝ።

ፎቶውን አሳድጌ ሰጠኋቸው፤ ዋጋ አልተቀበልሁም። ቀብር ሄጄ አፈር አለበስሁ። ሲመሽ ተመልሼ ሱቄ ገባሁና ፎቶውን ጧት ገጹ ላይ እንዲወጣ አዘጋጀሁ። ኢሜይሉ ወዲያው እንዳይሄድ አድርጌ፣ ነገ ጧት በሦስት ሰዓት እንዲሄድ ቀጠርሁት። ጎሕ ሳይቀድ ከተረዳች በሦስት ሰዓት እንኳን እሷ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ሰምቷል ብዬ አሰላሁ። የእሷን አድራሻ ከዝርዝሩ ላውጣው የሚለው ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ይህን መካድ አልችልም። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም ባወጣት ዝርዝሩ በአንድ ሰው ይጎድላል ብዬ አሰብሁ። አዎ፣ እንደዚያ አሰብሁ። በአንዲት ሰው።

በማግሥቱ ጧት በሦስት ሰዓት ኢሜይሉ ሄደ። እንደ ልማዴ ማን እንደከፈተው ማየት ጀመርሁ። የእሷ አድራሻ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ተረድታ፣ አልቅሳ፣ አሁን ደግሞ የአባቷን ፎቶ እያየች ነው ብዬ አዘንሁላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አጎቷ ደወሉ። ለድንኳኑ ሌላ ፎቶ ፈልገው ነበር።

«ተረዳች?» አልኋቸው።

«የት ተረድታ! ሰዎቹ ሲደርሱ ቤቷ ዝግ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ታማ፣ በእሷ ፈንታ ገና ሳይነጋ ወጥታለች። ሥራ ቦታ ላይ አይረዳም ተብሎ ማታ ሊመለሱ ነው። እኔም የት እንዳለች ላጣራ ብዬ አንድ ሰዓት ላይ ደወልሁላት። ደህና ነን ብዬ እንደምንም ዘጋሁት።»

ስልኩን ዘግቼ ኮምፒውተሩን አየሁት። የምጠቀምበት የኢሜይል መላኪያ አንድ ሰው ኢሜይሉን ስንት ጊዜ እንደከፈተው ይቆጥራል። ከአድራሻዋ ፊት ለፊት አምስት ይል ነበር። እያየሁት ስድስት ሆነ። ደሙና ሽንቱ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ስልኳን እየከፈተች የአባቷን ፎቶ ታያለች፤ ትዘጋዋለች፤ እውነት አልመስል ሲላት ደግማ ትከፍተዋለች። አጠገቧ ማንም የለም። ሰባት፣ ስምንት። ስልኬን አንሥቼ ስሟን አወጣሁና ሳልደውል አስቀመጥሁት። ምን ልላት? አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም፤ እኔም እስከ ምሳ ሰዓት ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ለሰልስቱ ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሲያስለቅሷት ከቆዩ በኋላ፣ ሴቶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ማን እንደነገራት ጠየቋት። ሊያረዷት የሄዱት ሽማግሌዎች ማታ ሲደርሱ ጥቁር ለብሳ እንደጠበቀቻቸው ወሬው ደርሶ ነበር። እኔ ከድንኳኑ ወጋግራ ሥር ተቀምጫለሁ፤ ከእሷ ስድስት እርምጃ ብርቅ ነው።

«ልቤ ነገረኝ» አለች።

ወደኔ አልዞረችም። አጎቷ ግን ራሳቸውን ደፉ። «ድምፄ ነው» አሉ አጠገባቸው ላሉት። «ስደውልላት ድምፄ ከዳኝ። ያሳበቅሁ እኔ ነኝ።» ሰዎቹ አጽናኗቸው፤ እኔም አብሬ አጽናናኋቸው። «አይዞዎት፣ ምን ያድርጉ፣ ሐዘን ነው» አልሁ። በዚህ አፌ። ከዚያ የቀረበልኝን በላሁና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ።

ሳጥኗን በዚያ ሳምንት አነሣኋት ብል ደስ ባለኝ። አላነሣኋትም። ግራጫው አዝራር ላይ የጻፍሁትን ብቻ ለወጥሁና ንስሐ የገባሁ መሰለኝ። ዝርዝሩ ማደጉን ቀጠለ፤ ዘጠኝ መቶ ሰው አለፈ። ማታ ማታ ቁጥሩን ሳይ ደስታው ቀርቶ ነበር፤ ግን ማየቱን አልተውሁም።

በኅዳር አንድ ቀን ከላክኋቸው ኢሜይሎች ለአንዱ መልስ መጣ። ከዚያን ቀን በፊት ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም መልስ የጻፈልኝ የለም። ከእሷ ነበር። ከዝርዝሩ ወጥታ እንደሆነ እንኳ አጣርቼ አላውቅም፤ አልወጣችም። እንዲህ ይላል፤

«አጎቴ ከአባቴ ሞት ወዲህ አይደውሉልኝም። እኔ ስደውል ስልኩን ለሚስታቸው ይሰጣሉ። የጠሉኝ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ያሳበቀባቸው መስሏቸው እንደሆነ የሰማሁት ገና አሁን ነው። የዚያን ቀን ልቤ ነገረኝ ያልሁት ሰው እንዳይጠላህ ብዬ ነው እንጂ አጎቴ እንዲሸከሙት አልነበረም። አባቴ ይወዱህ ነበር። ሂድና ንገራቸው።»

በማግሥቱ ሳጥኗን አነሣሁ፤ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ ደመሰስሁ። እሱ ቀላሉ ነበር። ከዚያ ቡሬ ድረስ በመኪና፣ ከቡሬ ወዲያ በእግር ሄድሁ። መንገዱ በሙሉ የምናገረውን ስሠራና ሳፈርስ ነበር። ቴክኖሎጂው ስሕተት ሠራ ልበላቸው? ሰዎቹ በሰዓቱ ቢደርሱ ኖሮ ልበላቸው? ሁሉም ሲነገር እንደ ውሸት ይሰማኛል።

አጎቷ ደጃቸው ላይ የተሰጣ በርበሬ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። እንድቀመጥ ጋበዙኝ፤ ቆሜ ልናገር አልሁ።

«አባቴ፣ ልጂቱ የሰማችው በእርስዎ ድምፅ አይደለም። እኔ ነኝ የነገርኋት። በኢሜይል።»

በርበሬውን ማገላበጣቸውን አላቋረጡም። «እሱ ምንድን ነው?»

«በስልክ የሚሄድ ደብዳቤ ነው።»

«እንዳትነግራት ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኝ ነበር። ከሰማች በኋላ ይደርሳታል ብዬ ነው።»

«ወንድሜ ሞተ ብለህ ጻፍኸው?»

«ስማቸውን ላዩ ላይ አልጻፍሁትም። ማን እንደሆነ ለማወቅ መክፈት አለባት።»

አሁን እጃቸው ቆመ። «ለምን ደበቅኸው?»

«ሰው እንዲከፍተው ብዬ ነው» አልሁ። እንዲቆጡኝ፣ ከደጃቸው እንዲያባርሩኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን በርበሬው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«አሥር ወር» አሉ። «አሥር ወር ድምፄን ስረግም። ልደውልላት አነሣዋለሁ፣ ድምፄን በሰማች ቁጥር ሞት የሚሰማት ይመስለኛል፣ አስቀምጠዋለሁ። የወንድሜን ልጅ። አንተ ደግሞ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ድንኳን ውስጥም አጽናንተኸኛል።»

«አዎ።»

እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉና ከኮታቸው ኪስ፣ ያን ቀን ፎቶውን ካወጡበት ኪስ፣ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «ደውልልኝ» አሉ። «እጄ በርበሬ ነው።»

ቁጥሯን ፈልጌ ደወልሁ፣ ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጌ ወደ አፋቸው አስጠጋሁላቸው። አንዴ ብቻ ጠራ። በአሥር ወር ውስጥ የእሳቸው ቁጥር ስልኳ ላይ ሲመጣ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ሃሎ አላለችም።

«ማን ሞተ?» አለች።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማንም አልሞተ፣ ልጄ። ማንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

አላመነቻቸውም። የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የክርስትና እናቷን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ደህንነታቸውን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ ደህና ናት፣ ደህና ነው እያሉ መለሱላት። ስልኩን የያዝሁት እኔ ስለነበርሁ እስኪጨርሱ ድረስ ሁሉንም ሰማሁ።